ትርፍ አንጀት በኮቪድ ጊዜ፦ መድኃኒት ይቅደም ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ጥያቄው፦ ኮቪድ 19 በተስፋፋበት ወቅት፣ አንድ የኦፕሬሽን ክፍል ብቻ ባለው ሆስፒታል፣ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ገና ያልፈነዳ አዋቂ ሲመጣ ምን ይደረግ?

ቀዶ ሐኪም፦ መድኃኒት ይቅደም። በ2020 ላንሴት ላይ የወጣው የ24 አገሮች ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናቸው ሰሞን ቫይረሱ ከተገኘባቸው 1,128 ሕሙማን 23.8 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል። ፀረ ባክቴሪያዎቹ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንዴ፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በደም ሥር ይሰጠው። ትኩሳቱ ከወረደና መብላት ከቻለ በሚዋጥ መድኃኒት 10 ቀን ይሙላ። ያለችውን አንድ ክፍል ምጥ ለጠናባት እናት እናቆያት።

የሰመመን ባለሙያ፦ ዶክተር፣ ሞቱ የበረታው 70 ዓመት ባለፋቸው ላይ ነው፤ ትርፍ አንጀት የሚበዛው ግን በወጣቱ ነው። በዚያው ዓመት የታተመው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ይታሰብ። መድኃኒት ከተሰጣቸው 29 በመቶው በ90 ቀን ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ተመልሰዋል፤ ትርፍ አንጀታቸው ውስጥ ጠጠር ከታየባቸው 41 በመቶው። ጠጠሩን በደንብ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። እሱ በሌለበት ማንን ለይተው ወደ ቤት ይልካሉ? ከገጠር የመጣው ሰው ቤቱ ሄዶ ቢፈነዳበት፣ ሲመለስ ሆዱ በሰፊው ተከፍቶ፣ ሙሉ ሰመመን ተሰጥቶት፣ ጉሮሮው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል፤ ቱቦው ሲገባ ደግሞ ቫይረሱ ወደ አየር ሊበተን ይችላል። የሸሹት አደጋ ብሶ መጣ ማለት ነው። ያልፈነዳውን ግን በስፓይናል፣ ማለትም ጀርባ ላይ በመርፌ ተሰጥቶ ሰውነትን ከደረት በታች በሚያደነዝዝ ሰመመን፣ ማውጣት ይቻላል፤ ሕመምተኛው ማስክ እንዳደረገ ራሱ ይተነፍሳል።

ቀዶ ሐኪም፦ ስፓይናሉ መሃል ላይ ቢከሽፍስ? በጥድፊያ ቱቦ ማስገባት እኮ ከሁሉም የከፋው ነው።

የሰመመን ባለሙያ፦ ስለዚህ ጥንቃቄው ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ነው። የማደንዘዣው መድኃኒት፣ 0.5 በመቶ ሄቪ ቡፒቫኬይን፣ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጣል። ከዚያ አልኮል የነካው ጥጥ ከእግር ወደ ላይ ይሞከራል፤ ቅዝቃዜው እስከ ጡት ጫፍ አካባቢ ካልጠፋ አይጀመርም። የደም ግፊት ቢወርድ የሚያነሳው ኤፌድሪን ተቀድቶ፣ ቱቦውና የቫይረስ ማጣሪያው ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ። ኤን95 የተባለው ጥብቅ ማስክ እና የፊት መከላከያ ሁሉም ከመጀመሪያው ይልበስ፤ ሰመመኑ ሲከሽፍ ልልበስ የሚል ሰው ጊዜ አያገኝም። ቱቦ የግድ ከሆነ ልምድ ያለው ሰው ያስገባ፣ ሥራ የሌለው ይውጣ። አየሩ በሰዓት 15 ጊዜ የሚለወጥበት ክፍል 99.9 በመቶ እስኪጠራ 28 ደቂቃ ይፈጃል፤ 6 ጊዜ ብቻ ከሆነ 69። ቀጣዩ ሕመምተኛ እስከዚያ አይገባም።

ቀዶ ሐኪም፦ እነዚያ 69 ደቂቃዎች ናቸው የሚያስጨንቁኝ። ያቺ እናት በዚያ መሃል ብትመጣ የት እናስገባታለን? በሲቲ ስካን ጠጠር ያልታየበትንና ቤቱ ቅርብ የሆነውን በመድኃኒት እይዛለሁ፤ ከዚህ አልመለስም።

የሰመመን ባለሙያ፦ እሱን እቀበላለሁ። ሲቲ ስካን የሌለውን ሆስፒታል ግን አይመለከትም፤ እዚያ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምናው ይሠራለት።