ከፎቶው ሥር እውነቱን ጻፉልን

ሁለት አቦ ሸማኔዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንዱ የሌላውን ፊት ይልሳል። ከሥሩ «እውነተኛ ፍቅር እንዲህ ነው» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ፎቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ያላየ የለም። የሠርግ ወር ሲመጣማ ይብሳል። ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ለጉዳይ አዲስ አበባ የሄዱ ልጆች ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወይም አንድነት ፓርክ ጎራ ይላሉ። ሁለት እንስሳ ተጠጋግቶ ካገኙ ያነሳሉ፣ ይለጥፋሉ። ላይኩ ይዘንባል።

ፎቶዎቹን እወዳቸዋለሁ። የምጣላው ከሥራቸው ከሚጻፈው ጋር ነው።

አቦ ሸማኔ ትዳር የለውም። ሴቷ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ከወንድ ጋር ለጥቂት ጊዜ ትገናኛለች፤ ከዚያ ግልገሎቿን የምታሳድገው ራሷ ናት። አብረው የሚኖሩት ወንዶቹ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች። ስለዚህ በማቆያ ውስጥ ተደጋግፈው የተኙ ሁለት አቦ ሸማኔዎች ስታዩ ባልና ሚስት ናቸው ብላችሁ አትቸኩሉ።

በሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የተባለ የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ የተባለ ማዕከል አለ። እዚያ ካሉት አቦ ሸማኔዎች መካከል ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች እጅ የተወሰዱ አሉ። ግልገሎቹ ገና ሳይጠነክሩ ከእናታቸው ይነጠቃሉ። በአፍሪካ ቀንድ በኩል ተሻግረው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለባለጸጎች ቤት ይሸጣሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦ ሸማኔ 7,000 ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ካለ ጉዞ የተረፉ ሁለት ግልገሎች ተጣብቀው ቢያድጉ ምን ይገርማል? ሌላ ዘመድ የላቸውም። እኛ ግን የፍቅር ጥቅስ እንለጥፍባቸዋለን፣ የደረሰባቸውም በዚያው ይሸፈናል።

የናጂንና የፋቱን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። ኬንያ ውስጥ ኦል ፔጄታ በሚባል ጥብቅ ስፍራ የሚኖሩ ሁለት አውራሪሶች ናቸው። ታሪካቸውን ለማያውቅ ሰው ጥንድ ይመስላሉ። እናትና ልጅ ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት ቼክ ሪፐብሊክ በሚገኝ መካነ አራዊት ውስጥ ነው፤ ወደ ኬንያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሱዳን የተባለው የመጨረሻው ወንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 ሞተ። እሱም ለናጂን አባቷ፣ ለፋቱ አያቷ ነበር። ከሰሜናዊ ነጭ አውራሪስ ዘር በምድር ላይ የቀሩት እነዚህ ሁለት እንስቶች ብቻ ናቸው። ያንን ፎቶ «ባልና ሚስት» ብሎ የሚያጋራ ሰው አንድ ዘር ሊጠፋ መሆኑን እያሳየን ጨርሶ አልነገረንም።

ጎጃም ውስጥ መካነ አራዊት የለም። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። የብቸና ወይም የዳንግላ ልጅ አንበሳን የሚያውቀው በወንድሙ ስልክ ነው። ፎቶው ትምህርቱ ነው። ከሥሩ የተጻፈውን እንዳለ ይቀበላል፤ ምን አማራጭ አለው?

በመካነ አራዊት ሁለት እንስሳት አንድ ላይ የሚሆኑት እንዲሁ ስለተዋደዱ አይደለም። ጥሩ ማዕከላት የዘር መዝገብ ይይዛሉ። የእያንዳንዱ እንስሳ አባትና እናት፣ አያት ቅድመ አያት ይጻፋል። ማን ከማን እንደሚጣመር የሚወሰነው ያ ታይቶ ነው። እኛ ጎጃሞች ይህ አይጠፋንም። ለጋብቻ ሰባት ትውልድ ስንቆጥር ነው የኖርነው። አንዳንዶቹ ደግሞ አብረው የሚኖሩት ብቸኝነት እንዳይጎዳቸው ብቻ ነው፤ እንዳይዋለዱም ይደረጋል።

የአንበሳ ግቢን አንበሶች ውሰዱ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የ15 አንበሶችን ዘረ መል መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥቁሩ ጎፈር ከደረት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል። ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው። ትንሽ ሲሆን ዘመድ ከዘመድ የመዋለድ አደጋው ይከፋል። ለዚህ ነው «አንበሳና ሚስቱ» የሚለው ጽሑፍ የማይበቃኝ። እህቱ ብትሆንስ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ተንከባካቢውን ጠይቁት። «ወንድሜ፣ እነዚህ ምንና ምን ናቸው?» በሉት። በየቀኑ የሚያበላቸው ሰው ከማንም በላይ ያውቃቸዋል፤ ጠያቂ ሲያገኝም ደስ ይለዋል። ከዚያ ታገሡ። ሙሽሮችን «ጠጋ በሉ፣ ፈገግ በሉ» ማለት ይቻላል። እዚህ ግን ማፏጨትም፣ አጥር መደብደብም፣ ብስኩት መወርወርም ነውር ነው። ፍላሽ አጥፉ። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ስለዚህ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ሂዱ።

ሽቦው ካስቸገራችሁ፣ ለጎብኚ ከተፈቀደው መስመር ሳታልፉ ሌንሱን የቻላችሁትን ያህል አስጠጉት። የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ክፈቱ። እንስሳቱ ከአጥሩ ራቅ ሲሉ አንሱ። ሽቦው ደብዝዞ ይጠፋል። ግን ሽቦው የሚታይበት አንድ ፎቶም ያዙ፣ እሱንም አብራችሁ ለጥፉት። ዱር ያሉ መስለው እንዲታዩ ማድረግ በእኔ እምነት ተመልካቹን ማታለል ነው።

እውነተኛ ጥንድ ለማንሳት የፈለገ ጎጃሜ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለበትም። በዓባይ በረሃ ገደል ላይ ሰስ አለ። ወንዱና ሴቷ ዓመቱን ሙሉ አይለያዩም። አንዱ ቅጠል ሲቀነጥብ ሌላው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጣና ላይ ዓሣ አዳኙ ንስር ከጥንዱ ጋር አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል። በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋ ትልቅ ጥቁር ወፍ አለ። ጥንዶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዘለሉ ይጨፍራሉ። ጎጆውን አብረው ይሠራሉ፣ እንቁላሉንም በየተራ ይታቀፋሉ። ወንዱን ከሴቷ በዓይን መለየት ያስቸግራል። እንደ እኔ ከዚህ የሚበልጥ የጥንድ ፎቶ የለም። ረግረጉ እየታረሰ ስለሆነ ግን ይህም ወፍ ቀላል ጊዜ ላይ አይደለም።

ቀይ ቀበሮን ሳስብ ደግሞ ያመኛል። ድሮ የጎጃም ደጋ ላይም ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም። በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያንሳሉ። በየትኛውም የዓለም መካነ አራዊት ደግሞ ለዘር የተያዘ ቀይ ቀበሮ የለም። ዋልያም እንደዚያው። ከተራራው ላይ ካለቁ፣ ከአጥር ውስጥ አውጥተን የምንመልሰው ጥንድ የለንም። የአቦ ሸማኔዎቹ ፎቶ ሥር «በማዕከል የሚኖሩ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ የሚገባው ይህን ሲያውቁ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎቶው የት ተነሣ? መቼ? እንስሳቱ በማቆያ ናቸው ወይስ በዱር? ዝምድናቸው ምንድን ነው? ካልታወቀ «አልታወቀም» ይባል። ይህ ሁሉ ሁለት መስመር አይሞላም። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤቶችም እንዲህ ያለውን ፎቶ ከነጽሑፉ እያተሙ በአካባቢያቸው ላለ ትምህርት ቤት አንዳንድ ቢሰጡ ወጪው አይጎዳቸውም። በዱር ያነሳችሁት የወፍ ጎጆ ከሆነ ግን ትክክለኛ ቦታውን አትጻፉ። «ጣና ዳር» ማለት ይበቃል።