እንዶድ አይፈላም፤ ሽልማቱም የሁለት ሰው ነው
እ.ኤ.አ. በ1989 ለእንዶድ ምርምር የተሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ብቻቸውን እንደወሰዱ መጻፉ ስሕተት ነው፤ የምርምር ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም አብረው ተሸልመዋል፣ ስማቸው መዘለሉ ያስቆጫል። ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ለመግደል «ፍሬውን አፍልቶ ወንዝ ውስጥ መጨመር ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ እባክዎ አያፍሉት! እንዶድ ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር) የሚወጣው የፍሬው ኢንዛይም ውሃው ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ዶክተር አክሊሉ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩትም ሴቶች በወንዙ ውሃ በእንዶድ አረፋ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ነበር። እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ግን ስለማይገድል ሲፈለፈል መድገም ያስፈልጋል። ዓሣም ይፈጃል፤ ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥ እንዳይገባ።