ውሻ «አለቃውን» መፍራት አለበት?

ወንድሜ፣ የአዘዞው አሰልጣኝ «ውሻ የተኩላ ዘር ነው፤ በጀርባው አንጋለህ አለቃነትህን ካላሳየኸው አይታዘዝም» ያለህ ስህተት ነው። ሐሳቡ የመነጨው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 እ.ኤ.አ. በአጥር ውስጥ ስለሚኖሩ ተኩላዎች ካሳተመው ጥናት ነው። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች ግን በ1999 እ.ኤ.አ. የዱር ተኩላ መንጋ ለአለቃነት የሚታገሉ ተኩላዎች ስብስብ ሳይሆን እናትና አባት ከነልጆቻቸው የሚኖሩበት ቤተሰብ መሆኑን አስረዳ። አፍንጫችን ሥር ያለው የሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮም ኑሮው በቤተሰብ ነው። የተንጋለለ ውሻ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ሲያፈጥ ፈርቷል እንጂ አልተማረም፤ በማጉረምረሙ የተቀጣ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ሊጀምር ይችላል። ከመክፈልህ በፊት አሰልጣኙን «ውሻው ሲሳሳት ምን ታደርጋለህ? ሲታዘዝስ?» ብለህ ጠይቀው። ለሁለተኛው ጥያቄ ቁራሽ ሥጋ ወይም ማሞገስ ካልጠቀሰ ሌላ ፈልግ። የማነቂያ ሰንሰለት ከኪሱ ካወጣማ ጥያቄውም አያስፈልግ።