መካኒኩ በነጻ እንዲያይልን ስንፈልግ

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ መኪና የሚነዱ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ማማት ነው። «ደህናውን ፈትቶ አበላሸብኝ»፣ «ኦርጂናሉን አውጥቶ ኮፒ ገጠመልኝ»፣ «ቅዳሜ ውሰድ ያለኝ መኪና በሌላኛው ቅዳሜም ሞተሩ መሬት ላይ ነው»። ወሬው በርጫ ላይ ከተነሳማ እስኪመሽ አያልቅም፤ መደምደሚያውም ያው ነው፤ ሌቦች ናቸው ተብሎ ይዘጋል። ሌባ የለም ብዬ አልከራከርም፤ ከሳቢያን እስከ መጋላ ላለው ጋራዥ ሁሉ ዋስ ልሆንም አልችልም። ነገር ግን ይህ ሐሜት ሁልጊዜ የሚዘለው ነገር አለ። እኛ ባለመኪኖቹ ለምኑ ከፍለን ለምኑ እንደማንከፍል አንነጋገርም።

የምንከፍለው ለዕቃና ለእጅ ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን አምስት ሳንቲም አናወጣም።

አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። መኪናህን ይዘህ ትገባለህ። ኮፈኑን ይከፍታል፣ «እስቲ አስነሳው» ይላል፣ «ነዳጅ ስጠው» ይላል፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጣል፣ ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን ያያል፣ ቺንጊያውን በጣቱ ጫን ያደርጋል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ከለፋ በኋላ «የውሃ ፓምፑ ይመስለኛል» ቢልህና አንተ «ቆይ፣ አስቤበት ነገ እመለሳለሁ» ብትለው፣ ለዚያ ግማሽ ሰዓት ምን ሰጥተኸው ትወጣለህ? ምንም። «አቦ፣ ለማየትም ይከፈላል እንዴ?» እንላለን። እሱም አይጠይቅህም፤ ቢጠይቅህ ቀጥሎ ያለው ጋራዥ በነጻ እንደሚያይልህ ያውቃል።

ታዲያ ከየት ይብላ? ከዕቃው ነው የሚበላው። የሚገዛውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፍልህና «እገሌ ሱቅ ሂድ፣ እኔ እንደላክሁህ ንገረው» ይልሃል። ባለሱቁ የመካኒኩን ድርሻ ዋጋው ላይ ጨምሮ ይሸጥልሃል፤ እነሱ ማታ ይተሳሰባሉ። ኮሚሽኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም በደረሰኝ አይጽፈውም። የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። «ምንም አልሆነም፣ ይቺን ብሎን ማጥበቅ ነው» የሚል መካኒክ የሻይ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ያስቀየረው የወር ቤት ኪራዩን ይዞ ይገባል። ሰውየው ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ሲጠራጠር ወደ የትኛው በኩል እንደሚያዘነብል የሚወስነው ገቢው ነው።

የጎረቤቴን ኮሮላ ዲኤክስ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። መኪናዋ ከእነዚያ 4ኬ ከሚባለው 1,290 ሲሲ ሞተር ጋር ከመጡት ናት፤ ከተማ ውስጥ ምንም አትል፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ስትጀምር ትፈላለች። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ወደ 2,000 ሜትር በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣበት መንገድ ስለሆነ አሮጌ ሞተር ሁሉ ገመናው የሚገለጠው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን በር፣ አውጥቶ ጣለው፤ «ለድሬ ሙቀት አያስፈልግም» ተባለ። ፈላች። ሁለተኛው የውሃ ፓምፕ ቀየረ። ፈላች። ከዚያ ራዲያተሩ ተቀየረ፤ በመጨረሻም ሞተሩ ተከፍቶ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። ጎረቤቴ ሐረር ሊሄድ ሲወጣ አሁንም ደንገጎ ላይ ፈላች።

በሰው በሰው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተገኙ። ጋሼ ምንም ሳይፈቱ «ወደ ላይ እንውጣ» አሉና ከጎኑ ተቀመጡ። የሙቀት ጌጁ መውጣት ሲጀምር አስቆሙት፤ ከመኪናዋ ወርደው ጥላ ሥር ቁጭ አሉ፤ እስክትቀዘቅዝ ማንም ኮፈኑን እንዲነካ አልፈቀዱም። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ፈትተው ገለበጡት። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስፕሪንጉን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ሞተ ነገር ገባላቸው። «ሌላ ክዳን ግዛ» አሉ። አለቀ። ራዲያተሩ አዲስ ሲገባ አሮጌው ክዳን ተመልሶ ተገጥሞበት ነበር።

ይህ ተአምር አይደለም፤ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ነው። ክዳኑ ውሃው እንዳይፈስ ብቻ ሳይሆን ግፊት እንዲይዝም የተሠራ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ሐረማያና ደንገጎ ከፍታ ላይ ሲደርስ ግን 93 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ጤነኛ ክዳን በግፊቱ የመፍያውን ነጥብ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ቴርሞስታቱ ራሱ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና ደንገጎ ላይ በሚሠራበት ሙቀትና በሚፈላበት ሙቀት መካከል የቀረው አሥር ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ያቺ አሥር ዲግሪ ዳገት ላይ፣ በግንቦት ፀሐይ፣ በአራት ሰው ጭነት የት ትደርሳለች?

አሁን ሒሳቡን እዩት። ፓምፕ የቀየረው ተከፈለ። ራዲያተር የቀየረው ተከፈለ። ሞተር የከፈተውማ በደንብ ተከፈለ። በሽታውን ያገኙት ጋሼ «የሻይ» ተሰጣቸው፤ ጎረቤቴም ይህን በኩራት ነው የሚያወራው፤ «በአንድ ክዳን ፈቱት!» እያለ። ትክክለኛውን መልስ የሰጠው ሰው ከሁሉም ያነሰ ያገኘበት ገበያ ነው እንግዲህ። እንዲህ እየከፈልን ከየትኛው ወጣት መካኒክ ነው መንገድ ድረስ አብሮን ሄዶ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሞተር እስኪቀዘቅዝ እንዲጠብቅ የምንጠብቀው?

(መንገዴን ሳልለቅ ስለ ቴርሞስታትና ስለ ውሃ ትንሽ ልበል። ቴርሞስታት ማውጣት ልማድ ሆኗል፤ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ እንዲሠራ ያደርገዋል፣ ነዳጅ ያበላል፣ ፒስቶንና ፋሻ ያስበላል። የተበላሸ ከሆነ መፍትሔው መቀየር ነው። ውሃን በተመለከተ ደግሞ የድሬን የቧንቧ ውሃ በየቀኑ በምንጠቀምበት ማንቆርቆሪያ እናውቀዋለን፤ ውስጡ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ከተማችን የሲሚንቶ ፋብሪካ ያቋቋመችው በኖራ ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠች ነው፤ የምንጠጣው ውሃም በዚያው ድንጋይ ውስጥ አልፎ ይመጣል። ኩላንት ተወደደ የሚል ቢያንስ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ይጨምር።)

ነገሩን ከዚህ ቀደም እንደ ግል ጣጣ ማለፍ ይቻል ነበር፤ አሮጌውን ሸጦ ሻል ያለ መግዛት የሚቻልበት ጊዜ ነበርና። አሁን አይቻልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ አውቶሞቢል ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። የኤሌክትሪክ መኪናው አቅም ላለው ይመጣል፣ መጥቷልም። ለሌላው ግን ዛሬ በእጁ ያለችው ዲኤክስ፣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለልጁም የምትተርፍ ናት። ስለዚህ የጥገና ገበያው ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሸልም አሁን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

የሐረር ሰው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ 67 እና 68 በተከታታይ ያሸነፈ ብረት ነው። ሐረር ላይ ደግሞ ፋብሪካው ካቆመ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሰው ከጀጎል በሮች እስከ አዲሱ ከተማ ሲያመላልስ ኖሯል። ጥንካሬው ብቻውን ለዚህ አላበቃውም። አዲስ ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ይድናል ወይ?» የሚለውን ነው፤ ያ ጥያቄ ደግሞ መመርመርን ግድ ይላል።

የእኛም ከተማ መሠረቷ ይኸው ነበር። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ አብሮት የመጣው የምድር ባቡር ጋራዥ ድሬን የባለሙያ ከተማ አደረጋት፤ ቶርኖውም፣ ብረት ማቅለጫውም፣ ብየዳውም እዚያ ነበር፤ የተሰበረ ዕቃ ከአውሮፓ እስኪመጣ ከመጠበቅ እዚያው ይቀረጽ ነበር። ብዙዎቻችን ስለ ምድር ባቡር ስናወራ ትዝታው ላይ፣ ፈረንሳይኛው ላይና ከዚራ ሠፈር ጥላ ላይ እንቀራለን። እኔን የሚገርመኝ ደመወዙ ነው። የዚያ ጋራዥ ሠራተኛ ወር ጠብቆ ይከፈለው ነበር፤ ሎኮሞቲቩ አዲስ ፓምፕ ቢገባለትም ባይገባለትም የእሱ ገቢ ያው ነው። ስለዚህ ማሽኑን አዳምጦ «ይህ አይቀየርም፣ ይሠራል» ለማለት የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። ከዚያ የወጡ ሽማግሌዎች ዛሬም ተፈልገው የሚገኙት በእጃቸው ብልሃት ብቻ አይመስለኝም፤ ሙያውን የተማሩት ዕቃ ሳይሸጡ በመኖር ነው።

«አይ፣ እኛ እኮ ለምርመራ እንከፍላለን» የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ ለኮምፒውተር እንከፍላለን። ቪትዝ ወይም ያሪስ ያለው ሰው የሞተር መብራት ሲበራበት ኮምፒውተር ሊያስነብብ ሄዶ የተጠየቀውን ሳይከራከር ይከፍላል፤ ሰውየው ሽቦ ሰክቶ ስክሪን ስላሳየው። ያ ስክሪን የሚሰጠው ኮድ ነው፤ «ኦክስጅን ሴንሰር» ቢል ሴንሰሩ ይሁን፣ ሽቦው ይሁን፣ የተሰነጠቀ ማርሚታ ይሁን ከዚያ በኋላ የሚለየው ሰው ነው። ለመሣሪያው ከፍለን ለሚያስበው ሰው አንከፍልም። ዲኤክስና ፔጆ ላይ ደግሞ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳን የለም፤ ያለው የመካኒኩ ጆሮና ጣት ብቻ ነው።

መኪና ማሻሻል የምንለው ነገር ውስጥም ይኸው በሽታ አለ። ምርመራ ስለማንገዛ የሚታይ ነገር እንገዛለን፤ ቸርኬ፣ ትልቅ ስክሪን፣ የለበሰ ወንበር፣ አዲስ ቀለም። ገንዘቡ የባለቤቱ ነው፣ ያምርበት። ግን ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬ ስትወርድ የሚያወርድህ ቸርኬው አይደለም። የፍሬን ዘይት እርጥበት እየሳበ ያረጃል፤ ፍሬኑ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዘይቱን መቀየርና ሸራውን ማየት የአንድ ቸርኬ ዋጋ አይሆንም፤ ግን ሠፈር ውስጥ ማንም አይቶ «ዋው» አይልህም።

ሞተር መቀየርም እንደዚያው ነው። 4ኬውን አውጥቶ 1,486 ሲሲ የሆነውን 5ኬ መክተት ለዲኤክስ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ አብዛኛው ነገር ይገጥማል፣ ዳገት ላይም ልዩነቱ ይታወቃል። የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን ፑንቲና አውጥቶ ኤሌክትሮኒክ ማድረግም ከሁሉ በፊት የምመክረው ማሻሻያ ነው፤ በየጊዜው ከመቸገር ይገላግላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ «ሞተሩን እንቀይረው» የሚመጣው በሽታው ስላልታወቀ ነው። በሽታው ራዲያተር ላይ ከሆነ አዲሱም ሞተር ይፈላል፤ ያውም የበለጠ ሙቀት ይዞ። ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አብሮ ካልተለወጠ ቦሎ የሚታደስበት ቀን ሌላ ጣጣ ነው።

ሕጉ ይህን ሁሉ አያስተካክልም፤ ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ እንዲለጥፍ፣ ለሸጠውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ጋራዥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእጅ ዋጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደረሰኝ ሲነሳ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ብለን ቀድመን የምንጠይቀው እኛው ነን።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ጋራዥ ስንገባ «ለምርመራው ስንት ነው?» ብለን እንጀምር፤ ከዕቃውና ከእጁ የተለየ ዋጋ ይሁን፤ ችግሩ ባይገኝም የሚከፈል፣ እዚያው ካሠራን ግን ከእጅ ዋጋው የሚቀነስ ቢሆን ሁለታችንንም አይጎዳም። ያገኘውን በወረቀት ይጻፍልን፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ተመልሶ በእጃችን ይግባ፤ ዕቃውን ከፈለግንበት ሱቅ እንግዛ። ብልጣ ብልጡ ምርመራውንም ይወስዳል፣ ኮሚሽኑንም ይወስዳል የሚል ስጋት አለ፤ እውነት ነው፣ እንደዚያ የሚያደርግ ይኖራል። ግን ዛሬ ደግ የሆነውም መካኒክ ሌላ መንገድ የለውም። ዋጋው ስንት ይሁን ለሚለኝ፣ ቢያንስ የግማሽ ቀን የእጅ ዋጋ እላለሁ። ሥራ የሚሠራው ጠዋት ነውና፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ በፀሐዩና በበርጫው መካከል መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ ለምርመራም ከፍሎ መካኒኩን ላያገኘው ይችላል።