እንቁላሏ ደሴ ደርሳ ትመለስ

ወሎን ኋላ ቀር የሚል ሰው ካለ አክስቴ ቤት ቡና ይጠጣና ይፍረድ። ቤቷ ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኩታበር ገጠሩ ውስጥ ነው። ድሮ እዚያ ቤት የገባ እንግዳ የሚደርስበትን በደል የቀመሰ ያውቀዋል። ገና ቁጭ ሳይል ወተት በቅል ይመጣበታል፣ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይከተላል፣ ከዚያ በሶ በቅቤ፣ ከዚያ ደግሞ የተቀቀለ እንቁላል። «ጠገብኩ» ቢል ሰሚ የለም፤ «በሞቴ» ተብሎ ይጎረሳል። ይህ ሁሉ ማሸጊያ የሌለው፣ የማለቂያ ቀን ያልተጻፈበት ምግብ ነው! እንዴት በሕይወት እንደተረፍን አላህ ይወቀው።

እድሜ ለሥልጣኔ፣ ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል። ባለፈው ጊዜ ስሄድ አክስቴ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ አቅፋ ሳመችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ሦስት እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ይዛ የጎረቤት ልጅ ጠራች። ልጁ ሮጠ፤ እንቁላሉን ሱቅ አስረክቦ አንድ ለስላሳና አንድ እሽግ ብስኩት ይዞ መጣ። «ቀዝቃዛውን አምጣ ብዬው ነበር» አለች እያፈረች። ሱቁ መብራት የለውም፤ ቀዝቃዛ የሚባለው ከበሩ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ነው። ልጁ ቆርኪውን በጥርሱ ከፍቶ ሰጠኝና ከፊቴ ቆመ። ለምን እንደቆመ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ባዶ ጠርሙሱን ለባለሱቁ መመለስ አለበት። እናም እንግዳው እኔ፣ ዓይኑን ጠርሙሱ ላይ በተከለ ልጅ ፊት፣ ለብ ያለውን ለስላሳ እንደ ኮሶ ጨለጥኩት።

እዚህ ላይ የአክስቴን የኢኮኖሚ ብልሃት ሳላደንቅ አላልፍም። እንቁላሏን ባለሱቁ ይሰበስባል፣ ነጋዴው ከባለሱቁ ተረክቦ ጭድ በተነጠፈበት ካርቶን ደሴ ያወርደዋል። ደሴ ላይ «የሐበሻ ነው!» የሚል ማዕረግ ይጨመርበትና ዋጋው ይወጣል። ገዢው ማን ነው ቢባል እኔና መሰሎቼ ነን፤ ቢሮ የምንውል፣ «ተፈጥሯዊ ምግብ» የምንል፣ በሶ በላስቲክ ታሽጎ መለያ ካልተለጠፈበት የማንገዛ። ገጠሩ የፋብሪካ ብስኩት ይበላል፣ ከተማው የገጠሩን በሶ ይበጠብጣል። ሁለቱም ሠለጠንኩ ይላል። መሐል ላይ ያለው ነጋዴ ብቻ ስለ ሥልጣኔ ምንም ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ሥራ ላይ ነው።

ሰርጉንማ ተዉት። ያ የቀሪቦ፣ የማያሰክረው ጠላችን፣ ጋን፣ ሳምንት ሙሉ የሰፈሩን ሴቶች አንድ ቤት ሰብስቦ ሲያስቅና ሲያማማ የሚያከርመው፣ ጊዜ አባካኝ ነበር። አሁን የለስላሳ ሳጥን ከድንኳኑ በር ጀምሮ እንደ ግንብ ይደረደራል፤ የሙሽራው ቤተሰብ ክብር ከሩቅ ይቆጠራል። የቅሬው፣ የእድራችን፣ ሴቶችም ንፍሮ ከመቀቀል እየተገላገሉ ነው። ለለቅሶ የታሸገ ውሃ በመኪና ይመጣል፣ የታሸገ ውሃ ደግሞ ወሬ አይፈልግም። ከፍቶ ጠጥቶ መሄድ ነው።

ጤናን በተመለከተ እድገታችን ከሁሉ ይልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረውን ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ቢያወርደው ይመረጣል ይላል፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። አንዲት 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻዋን ከ30 ግራም ትበልጣለች። ፈረንጅ ከጧት እስከ ማታ እየለካ የሚጨነቅበትን እኛ ልጁ ጠርሙስ ሊቀበል በቆመባት ሦስት ደቂቃ አንቆረቁረዋለን። በዚህ ላይ ወጡ ብርድ ሲነካው ሳህኑ ላይ በሚረጋው የፓልም ዘይት ይሠራል፤ ግማሽ ያህሉ ቅባቱ ሐኪም የሚጠላው ዓይነት ነው። ድሮ ስኳርና ደም ግፊት የባለሥልጣንና የባለሀብት በሽታ ይባል ነበር። ዛሬ አክስቴም ደርሳበታለች፤ በቤተሰባችን የመጀመሪያዋ ናት።

ደሴ ይዣት ወርጄ ካርድ አወጣን። ወጣቱ ሐኪም ትሁት ልጅ ነው። «እማማ፣ ለስላሳና ብስኩት ይተዉ። ገብስ ይብሉ፣ ጎመን ይብሉ፣ እንቁላልም ጥሩ ነው» አላት። ቀጠለና «በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል በእግርዎ ይሂዱ» አለ።

«ወዴት?» አለች።

«ወዴትም። ዝም ብለው ይሂዱ።»

መንገዱን ሙሉ ይህ ነው የከነከናት። «ገበያ በእግሬ ስወርድ ድሃ ነሽ ተባልኩ፤ ባጃጅ ተሳፈሪ አላችሁኝ፣ ተሳፈርኩ። አሁን ደግሞ ወዴትም ሂጂ? ወዴትም የሚባል ገበያ አለ እንዴ?» መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር በባጃጅ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ያውም ቁልቁለት።

የሐኪሙን ቃል አክብሬ በሳምንቱ ልጠይቃት ስሄድ ደሴ ገበያ ዞሬ አሥር የሐበሻ እንቁላል ገዛሁ። ሻጯ «የኩታበር ነው፣ ዛሬ የገባ» ብላ ማለችልኝ፤ ዋጋዋም እንደ መሐላዋ ከባድ ነበር። እንቁላሉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር እጄን እየጋረድኩ አደረስኩት።

አክስቴ ፌስታሉን ስትቀበለኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንዷን አንስታ አገላበጠቻት፤ ዘመድ ያገኘች ነው የምትመስለው። መረቀችኝ፣ በልጅ በልጅ አለችኝ፣ ረከቦቱ ጋ አስቀመጠችኝ። አቦሉን ጀባ ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ትንሽ ቆይታ የጎረቤቱን ልጅ ስትጠራ ሰማሁ። ልጁ በጓሮ በኩል ሲሮጥ እጁ ላይ ሦስት እንቁላል ነበር። ሲመለስ ቆርኪውን በጥርሱ ከፍቶ ሰጠኝና ከፊቴ ቆመ።