እርማት፦ አይፎን በኮምፒውተር ሲጠገን ፎቶው ሁሉ አይጠፋም

ወንድሜ፣ «በፖም ምልክቱ ላይ ተገትሮ የቀረ አይፎን ሶፍትዌሩ በኮምፒውተር ከተጫነ ፎቶው መጥፋቱ አይቀርም» ያልከው ትክክል አይደለም። ይህን አምኖ የልጁን ፎቶ በከንቱ የሚያጣ ሰው ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስልኩ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ሪከቨሪ ሞድ (ሶፍትዌሩ በኮምፒውተር የሚጠገንበት ሁኔታ) ሲገባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ አይቱንስ ወይም በማክ ፋይንደር፣ ሁለት ምርጫ ያቀርባል። ሪስቶር ሁሉንም ይጠርጋል። አፕዴት ግን አይኦኤስን፣ ማለትም የስልኩን ዋና ሶፍትዌር፣ እንደገና ይጭናል እንጂ መረጃህን አይሰርዝም። መጀመሪያ የሚሞከረው እርሱ ነው።

ሰውን የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው። ሶፍትዌሩ በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በእኛ ኢንተርኔት ቶሎ አይወርድም፤ ከ15 ደቂቃ ካለፈ ስልኩ ራሱ ከሪከቨሪ ሞድ ይወጣል። ሪከቨሪ ሞድ ላይ መሆኑን የሚያሳየው የኬብል ሥዕል ከስልኩ ሲጠፋ «አልሠራም» ብለው ሪስቶርን ይጫናሉ። አልከሸፈም! ማውረዱ እስኪያልቅ ጠብቅና ስልኩን መልሰህ ሪከቨሪ ሞድ አስገባ፦ ከአይፎን 8 ወዲህ ባሉት ድምፅ መጨመሪያውን ጫን አድርገህ ልቀቅ፣ መቀነሻውንም እንዲሁ፣ ከዚያ የጎኑን ቁልፍ የኬብሉ ሥዕል እስኪመጣ ያዝ። የፖም ምልክቱ ሲታይ አትልቀቅ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የይለፍ ቃሉ የተረሳ ስልክ ግን በአፕዴት አይከፈትም።