ሲስተሙ እምቢ አለ

አጎቴ ጋሽ ጸጋዬ ስማቸውን የሚጽፉት በጸሎቱ «ጸ» ነው። ፊደል ከቆጠሩበት ጊዜ ጀምሮ እንዲያ ነው። ከዓመታት በፊት መታወቂያቸው ሲታደስ ግን መዝጋቢው ልጅ በፀሐዩ «ፀ» አስገባው። እሳቸውም ልብ አላሉትም፤ ልብ ቢሉትስ «ጸ» እና «ፀ» ሲነበቡ ምን ለያያቸው?

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ገብቼ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳያቸው ገና እዚያው ነበርና። ወረፋ ጠብቀን መስኮቱ ላይ ደረስን። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ፈገግታዋም አልተለየንም። የአጎቴን ወረቀት ተቀብላ ጻፈች፣ ደግማ ጻፈች፣ ኮምፒውተሩን ወደኛ ዘወር አደረገችው። ቀይ ጽሑፍ።

«አባቴ፣ ስሙ አይገጥምም። ሲስተሙ እምቢ አለ።»

«ማን አለ?»

«ሲስተሙ።»

አጎቴ ትንሽ አሰቡና «እሱን ማናገር አይቻልም?» አሉ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልቀለዱም።

እኔ ነኝ እንግዲህ አፌን ያልያዝኩት። «እህቴ፣ እሺ፣ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ትሰጪናለሽ? ለማን አቤት እንደምንልስ?» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ከውጭ ነው የመጣኸው አይደል?» አለችኝ። በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር የለም፤ ወገን ሁሉ የዚህን ጥያቄ ትርጉም ያውቀዋል።

ደግነቷን ግን አልክድም። «አይዞህ፣ ለአለቃ ማመልከቻ ልጻፍላችሁ፣ በኤአይ ደቂቃ አይፈጅም» ብላ ስልኳን አወጣች። የራሷን ስልክ ነው። የአጎቴን መታወቂያ ፊትና ጀርባ ፎቶ አነሳች፣ ለኤአዩ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሉት) ላከችው፣ «ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለችው። ጠረጴዛዋ ላይ መስታወቱ ሥር የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ፣ የዚያ የመንግሥት የኮምፒውተር ሥልጠና፣ ሰርተፍኬቷ ተዘርግቷል፤ ሥልጠናውን በትጋት እንደጨረሰች ያስታውቃል። ማመልከቻው ወጣ። አማርኛው እንዴት ያምራል! «ክቡርነትዎ ጉዳዩን በጥሞና እንዲመለከቱልን በታላቅ አክብሮት…» እያለ ይወርዳል። አንድ ችግር ብቻ፤ አመልካቿ «ወይዘሮ ፀጋዬ» ሆነዋል። እንግዲህ ጠዋት ከቤት ስንወጣ አንድ አጎት ነበረኝ፤ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሆኑ። ባለ «ጸ»፣ ባለ «ፀ» እና ወይዘሮዋ።

«ወይዘሮ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዘን ወጣን። መንገድ ላይ የከነከነኝ ስህተቱ አልነበረም። የአጎቴ ፎቶ፣ የልደት ዘመናቸውና የመታወቂያ ቁጥራቸው አሁን የት አገር ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው? ማን ፈቀደ? ልጅቷን ማንም አታድርጊ አላላትም። አድርጊም አላላትም። አለቃዋ ራሱ በዚያው ስልክ እንደሚጽፍ አልጠራጠርም።

እኔ የምኖረው ኔዘርላንድ ነው። አገር ቤት ከመግባቴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ እዚህም አንድ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። የገቢ ማስረጃ አምጣ የሚል ነው፤ እንዲህ ያለ ፖስታ ሲመጣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ሐበሻ ሁሉ እንደዚያው ነው። ከግርጌው ላይ ግን እንዲህ የሚል መንፈስ ያለው አረፍተ ነገር ነበር፦ ፋይልህ ለማጣራት የተመረጠው በኮምፒውተር ስሌት እገዛ ነው፣ የሚወስነው ግን ሰው ነው፣ ማናገር ከፈለግህ ስልኩ ይኸው። ደወልኩ። ሰውዬው ስሙን ነገረኝ፣ ለምን እንደተመረጥኩም ነገረኝ፤ አድራሻ በቀየርኩበት ወር ገቢዬም ተለውጦ ነበር። በቃ። ጉዳዩ እስኪዘጋ ስድስት ሳምንት ፈጅቷል፣ እዚህም ቢሮክራሲ ቢሮክራሲ ነው። ግን «ማን አለ?» ለሚለው የአጎቴ ጥያቄ መልስ ነበረው።

ደግሞ እዚህ የአልጎሪዝም መዝገብ የሚሉት አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የተከፈተ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ስሌት፣ ለምን እንደሚጠቀሙበትና ምን መረጃ እንደሚያስገቡለት ይጽፉበታል፣ ማንም ሰው ከቤቱ ከፍቶ ያነበዋል። ሁሉም ተሟልቶ ተመዝግቧል ማለት አይደለም። ጽሑፍ የሚጽፉትን ኤአዮች በተመለከተም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለሠራተኞቹ መመሪያ አወጣ፤ መሥሪያ ቤቱ ውል ያልገባበትን፣ አደጋው ያልተመዘነውን በሥራ ላይ አትጠቀሙ የሚል። በ2025 ላላ አደረጉት፤ ተጠቀሙ፣ ግን በቅድመ ሁኔታ። በዚያው ዓመት ከየካቲት 2 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኤአይ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ስለ ነገሩ በቂ እውቀት እንዲኖራቸው ያስገድዳል።

እዚህ ላይ ፈረንጅን ማመስገን ልጀምር ስል ራሴን ያዝኩ። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከእናታቸው ሆድ ይዘውት አልተወለዱም። ተዋርደው ነው የተማሩት። የግብር መሥሪያ ቤታቸው በልጅ መዋያ ድጎማ ሰበብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆችን አጭበርባሪ ብሎ ዕዳ ውስጥ ከተታቸው። ተጠርጣሪ በሚመርጠው ስሌት ውስጥ ደግሞ የደች ዜግነት አለመኖር አንዱ ምልክት ነበር፤ እንደኛ ዓይነቱ ሰው ማለት ነው። ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ትዳራቸው የፈረሰ አሉ። መንግሥቱ በዚህ ምክንያት ጥር 15 ቀን 2021 ሥልጣኑን ለቀቀ። (ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምርጫው በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ያ ሌላ ትዝብት ነው።) ከዚያ በፊትም የካቲት 5 ቀን 2020 የሄግ ፍርድ ቤት «ሲሪ» የተባለውን አጭበርባሪ አዳኝ ሲስተም ሰብአዊ መብት ይጥሳል ብሎ አስቁሞታል። የሮተርዳም ከተማ ደግሞ የድጎማ ተቀባዮችን በ315 መለኪያ ይመዝን ነበር፤ ከመለኪያዎቹ ውስጥ የደች ቋንቋ ችሎታ ይገኝበታል። ቋንቋ ሲከብድህ የጥርጣሬ ነጥብህ ይጨምራል። በ2021 አቆሙት።

ይህን ሳነብ የአጎቴ «ጸ» ትዝ አለችኝ። እዚያ ማሽኑ የሰውን አነጋገር ጥፋት ብሎ ቆጠረ፤ እኛ ጋ የሰውን ፊደል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ኃይሉን፣ ሣህሉን፣ ዓለሙን፣ ፀሐይን አስቧቸው። የአገሬው ግማሽ ስሙ በሁለትና በሦስት መልክ ይጻፋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደግሞ ያንን ሲስተም ሊሠራው አይችልም፣ የሠራው ያገራችን ልጅ ነዋ! ምናልባት ሲጣደፍ ረስቶት ይሆናል። ከአውሮፓ የተገለበጠ መመሪያ ይህቺን ነገር አያነሳልንም፤ እነሱ ጋ ችግሩ የለማ።

ሕግ የለንም እንዳልል ደግሞ አለን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤት ለሚሰጠው ውሳኔ ምክንያት እንዲያስቀምጥ ያዛል፣ ቅር ያለው ሰውም ፍርድ ቤት ድረስ ሊሄድበት ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኤአይ ኢንስቲትዩት አለን፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤአይ ፖሊሲ አጽድቋል። ታዲያ እኔ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጪን ስል ከአምስተርዳም ይዤው የመጣሁት ቅንጦት አልነበረም፤ የአገሬን አዋጅ ነበር የጠየቅኩት። ልጅቷ አልሰማችውም። የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሲስተሙን ሲያስገቡላት አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ቢለጥፉላት ምን ይላቸዋል? እምቢ ሲል ለማን እንደምትመራው፣ የሰው መታወቂያ በግል ስልክ እንዳታነሳ፣ ፊደሉ ሲለያይ በራሷ ሥልጣን እንድታስተካክል። ሰርተፍኬቱን የሰጧት ሰዎች ይህን ሊሰጧት አይከብዳቸውም ነበር።

በእርግጥ እኔም ጻድቅ አይደለሁም። ለዚያ ለደች ደብዳቤ መልስ ስጽፍ ደቹ ቢከብደኝ ደብዳቤውን ከነመለያ ቁጥሬ ስልኬ ላይ ላለ ኤአይ ሰጥቼ ነው ያጻፍኩት። መስኮቱ ላይ ሆኜ ልጅቷን ልቆጣ ስል ይኼ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ልዩነቱ እኔ የሰጠሁት የራሴን ነው፤ እሷ የሰጠችው የአጎቴን።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

«ተቀበለ!» አሉኝ።

«ሲስተሙ?»

«አዎ ልጄ። አንዱ ልጅ መከረኝ። ሁሉንም ወረቀት በፀሐዩ ቀየርኩት፣ ፊርማዬንም ጭምር።»

እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እጄ ግን ገና አልለመደውም» አሉኝ። «ባንክ ሄጄ በጸሎቱ ፈርሜ አሁን መለሱኝ።»